አምቦ ላይ ገዢ ያጣው ጎሽ

ባለፈው ጥቅምት ሥራ ስተው ጉልበቴ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቶ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያህል ተንበርክኬ ኖሬያለሁ። ለጸሎት ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ጻድቅ ነበርኩ፤ እኔ ግን የተንበረከኩት ለካንዴላና ለሰንሰለት ነው። አሁን ጠዋት ስነሣ የማንንም ሞተር አላስነሣም። ተመስገን ነው! ጎረቤቶቼ ሥራ የተወ ሰው ይተክዛል ብለው ሊያጽናኑኝ ይመጣሉ፤ እኔ ደግሞ እግሬን ዘርግቼ እየሳቅኩ እጠብቃቸዋለሁ።

የሚጠይቁኝ ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው። «አበራ፣ ለመሆኑ ስንት ሞተር ሳይክል ሸጥክ?» ይሉኛል። እኔ እንጃ! የሸጥኳቸውን ረስቻቸዋለሁ። የማልረሳው አንዱን ነው፤ እሱንም ሸጬው ተመልሶብኛል። ያኔ የሠራሁትን ጥፋት ለሚስቴ እንኳ አሳጥሬ ነው የነገርኳት። አሁን ግን ከሥራም ወጣሁ፣ የሚያባርረኝም አለቃ የለም፣ እንግዲህ ልናገረው።

ሙያውን የጀመርኩት ጣልያን እንደወጣ አዲስ አበባ ነው፤ ጥሎት የሄደውን የጭነት መኪና እየፈታ ዕቃውን በሚሸጥ ጋራዥ ውስጥ። የመጀመሪያው አለቃዬ ሙያውን ደብቆ ስድቡን ብቻ አስተማረኝ። ከዚያ ጊንጪ፣ የመንገድ ሥራ ካምፕ፣ ሦስት ክረምት ጭቃ ውስጥ። ደመወዝ ሲዘገይ «ወረቀቱ አዲስ አበባ ነው» ይሉን ነበር፤ ወረቀቱ ከእኛ ይልቅ አዲስ አበባን ይወድ ነበር መሰለኝ። እኔን ሰው ያደረገኝ አምቦ ነው። በደብዳቤ ላይ «ሀገረ ሕይወት» እየተባለ ይጻፋል፤ አፋችን ግን አምቦ ማለቱን አልተወም።

አምቦ የሄድኩት ሞተር ሳይክል ከውጭ የሚያስመጣ አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት እዚያ ትንሽ ሱቅ ሲከፍት ነው። ከፊት መሸጫ፣ ከኋላ መጠገኛ። ኃላፊው ሃምሳ አለቃ ይልማ የሚባሉ፣ ጦር ሠራዊት ውስጥ በሞተር መልእክት ሲያደርሱ የኖሩ ሰው ነበሩ። እኔ ጋሽ ይልማ እላቸዋለሁ። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲቆጡ ድምፃቸው የሚቀንስ ሰው ናቸው። ሞተር ሲታመም የካቻቪቴውን ብረት ሲሊንደሩ ላይ፣ የእንጨት እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ያን ጊዜ ማንም አያወራም። ከቆይታ በኋላ «የግራው ነው» ብለው ይነሣሉ፤ ስንፈታው የግራው ነው። እኔ ያንን ለመቻል ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል፣ ዛሬም ቢሆን አንዳንዴ እስታለሁ።

ሌላ ልማድ ነበራቸው። ማንም ገዢ ይምጣ፣ ጆንያ አንጥፈው ሞተሩን በጎኑ ያስተኙታል። ከዚያ «አንሣው» ይላሉ። ሰውየው ብቻውን ካነሣው ዋጋ ይነገረዋል። ካላነሣው፣ ገንዘቡን ይዞ ቢቆምም፣ «ሌላ ቀን ብቅ በል» ብለው ሻይ ጋብዘው ይሸኙታል። አንድ ቀን ነግቶ እስኪመሽ ሳንሸጥ ቀርተን ተናድጄ «ጋሼ፣ ይሄኮ ገበያ ማባረር ነው!» አልኳቸው።

«ሁሉም ይወድቃል» አሉኝ። «ሲወድቅ እኔ አጠገቡ የለሁም። አሁን ግን አለሁ።»

ትንንሾቹ ሞተሮች እንደምንም ይሸጡ ነበር። ለወባ ማጥፊያ ሠራተኛ፣ ለአስተማሪ፣ ወንጪ ድረስ መድኃኒት ይዞ ለሚወጣ ድሬሰር። አንድ ቀን ታዲያ ከአዲስ አበባ የጭነት መኪና መጣና አንድ ትልቅ ሣጥን አወረደ። ስንከፍተው፣ ወይ ጉድ! ባለ ሁለት ሲሊንደር፣ ጥቁር፣ ከሁለት ኩንታል በላይ የሚመዝን፣ ከፊቱ የንፋስ መከላከያ መስተዋት፣ ከኋላው በግራና በቀኝ የቆዳ ሻንጣ ያለው፣ አገር ላገር ለመዞር የተሠራ ሞተር። የአምቦ ሰው ገና እንዳየው «ጎሽ» ብሎ ስም አወጣለት።

ጎሹን ያልወደደ አልነበረም። በቅዳሜ ገበያ ሱቁ በር ላይ የሚቆመው ሰው መንገድ ይዘጋል። ይዳስሱታል፣ ይደገፉታል፣ በመስተዋቱ ጢማቸውን ያያሉ። ፎቶ አንሺው ሙሽሮችን እያመጣ ላዩ ላይ አስቀምጦ ያነሣቸዋል። በዚያ ዓመት አምቦ ውስጥ የተጋባ ሰው ሁሉ ጎሹ ላይ የተነሣው ፎቶ አለው። የሚገዛ ግን የለም! አንድ የቡና ነጋዴ ዙሪያውን ሦስት ጊዜ ዞረና «አሽከሬ የት ይሮጣል?» ብሎ ጠየቀኝ። ከኋላ ይቀመጣል ስለው «ከእኔ ጋር እኩል?» አለና ሳቀብኝ። ድሬሰሩ በወንጪ መንገድ ሞክሮት የመጀመሪያው ወንዝ ላይ ስድስት ሰው ተሸክሞ አሻገረለት፤ የራሱን ትንሽ ሞተር ሁለት ሰው ነው የሚያሻግራት። በዚያው አመስግኖ መለሰልን። የፖስታ ቤቱ ሰውዬ ደግሞ ጆንያው ላይ ሊያነሣው ታግሎ ወገቡን ይዞ ሄደ፤ እስከ ፋሲካ ድረስ ሱቃችንን ሲያልፍ ፊቱን ያዞር ነበር።

በዚህ ላይ አዲስ አበባ ያለው ሥራ አስኪያጅ ደብዳቤ ላከ። ትልቁ ሞተር ክረምት ሳይገባ ካልተሸጠ የአምቦ ሱቅ ይዘጋል ይላል። ጋሽ ይልማ አነበቡት፣ አጠፉት፣ ኪሳቸው ከተቱት። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። አዲስ ትዳር ነበረኝ። ሱቁ ከተዘጋ ወደ ጊንጪ ጭቃ መመለሴ ነው።

ጋሽ ይልማ የተበላሸ ወፍጮ ሊጠግኑ ካቺሲ በሄዱበት ሳምንት ኦቦ ጉደታ መጡ። ኦቦ ጉደታ በጉደር መንገድ ከከተማው ወጣ ብሎ የሚኖሩ፣ በእርቅ የታወቁ፣ የተከበሩ ገበሬ ናቸው። ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያልፋል። ተፈሪ ሱሪ ለብሰው፣ ቆባቸውን አድርገው፣ አሽከራቸው በቅሏቸውን ይዞ። ሰላምታውን እስክንጨርስ እንኳ ረጅም ጊዜ ፈጀ። የእኔን ጤና፣ የሚስቴን፣ የጋሽ ይልማን፣ የሱቁን። ከዚያ ወደ ጎሹ በከዘራቸው እያሳዩ «በቅሎዬ አረጀች። ይኼን እወስዳለሁ» አሉኝ።

ልቤ ዘለለች። ጆንያውን ላነጥፍ ዞርኩ፣ በእውነት ዞሬ ነበር። ግን እንዲያው አስቡት! እኚህን ሰው፣ አሽከራቸው ፊት፣ ነጭ ለብሰው፣ «እስቲ ጎንበስ ብለው ሞተር ያንሡ» እንዴት ብዬ ልበላቸው? ይሉኝታ ያዘኝ። ይሉኝታ ነው የያዘኝ ብዬ ለራሴ ነገርኩት፤ ከሥሩ ግን ያ ደብዳቤ ነበር። ቢያነሡትማ ባላፈርኩ። እንደማያነሡት ስለማውቅ ነው ጆንያውን የተውኩት።

ከከተማው ዳር ባለው መስክ ላይ አምስት ቀን አስተማርኳቸው። በቅሎ የለመደ ሰው ሚዛን ያውቃል፣ ቶሎ ነዱት። ሲያቆሙ አሽከሩ ሮጦ መጥቶ መሪውን ይይዝላቸዋል፣ እሳቸውም በግራ በኩል በክብር ይወርዳሉ፣ ልክ እንደ በቅሎዋ። እኔ ቆሜ ይህንን አያለሁ። አየሁ እንጂ አላስተዋልኩም። አሽከሩ በሌለበት ምን ይሆናል ብዬ አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅኩም።

ጋሽ ይልማ ከካቺሲ አቧራ ለብሰው ተመለሱና ጎሹ ይቆምበት የነበረውን ባዶ ቦታ አዩ።

«ለማን?»

«ለኦቦ ጉደታ።»

«አነሡት?»

«አዎ» አልኳቸው። አንዲት ቃል ናት። ምላሴን በቆረጠው!

ሳምንት አልሞላውም። ኦቦ ጉደታ በገበያ ቀን ወደ ከተማ ሲመጡ አሽከሩ ከኋላ ቀርቷል፤ በቅሎን በሩጫ የሚከተል ሰው ጎሽን አይከተልም። መንገድ ላይ አማታቸው ኦቦ ቶሎሳ በእግራቸው ይመጣሉ። በእኛ አገር እንኳን አማትን፣ ተራ ሽማግሌን ከበቅሎ ሳይወርድ ሰላም የሚል የለም። ኦቦ ጉደታ አቆሙ። በግራ በኩል ወረዱ። ለአሽከራቸው እንደሚሰጡት ሁሉ መሪውን ለቀው፣ ቆባቸውን አውልቀው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ጎንበስ አሉ። በቅሎ ቢሆን ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር። ጎሹ ግን ከነሙሉ ክብደቱ እግራቸው ላይ ተኛ። አማታቸው ሰባት ሰው ጠርተው ነው ያስነሡላቸው።

እግራቸው ከጉልበት በታች ሁለት ቦታ ተሰብሮ ነበር። ድሬሰሩ አይቶት ወደ እኔ መጣና «ካልገጠመ ወይም ከመረቀዘ አዲስ አበባ ሄዶ መቆረጡ ነው» አለኝ። የጉደሩ ወጌሻ ደግሞ ቀጥ አድርጎ በቀርከሃ አስሮት ሲያበቃ «እናያለን» ብቻ አለ። እርቅ የሚያወርዱ፣ ከሰው ሰው የሚሄዱ ሰው እግር ካጡ ምን ቀራቸው? እህል አልበላ አለኝ። ካንዴላ ፈትቼ መልሼ መግጠሙን እረሳለሁ። ጋሽ ይልማ የታመምኩ መስሏቸው ቶሎ ወደ ቤት ሂድ ይሉኛል፤ ይኼ ደግነታቸው ባሰብኝ።

ማንም እኔን አልከሰሰም። ሽማግሌዎች የተሰበሰቡት ሞተሩን መልሰን እንድንረከብ፣ ገንዘቡንም እንድንመልስ ሊጠይቁን ብቻ ነው። በኦቦ ጉደታ ግቢ፣ ከጥዱ ሥር ተቀመጥን። ኦቦ ጉደታ እግራቸው ታስሮ መደብ ላይ ተጋድመዋል። «አካም ጅርቱ» ብለን ገባን፣ «ነጋ፣ ነጋ»፣ ሰላም ነው፣ አሉን፤ ሰላም ግን አይመስልም ነበር።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ሱቃችሁ ለዚህ ሰው የማይችለውን ዕቃ ሸጦለታል ይባላል» አሉ።

ጋሽ ይልማ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። «እኔ ብቻውን ያላነሣውን ሰው ሞተር ሸጬለት አላውቅም። ኦቦ ጉደታም አንሥተውታል። ይህንን…» ብለው ሊምሉ ቀኝ እጃቸውን ወደ ላይ አነሡ።

እኚያ ሰው በሕይወታቸው በሐሰት ምለው አያውቁም። አሁን በእኔ ቃል ሊምሉ ነው። ከመደቡ ላይ ኦቦ ጉደታ ግራ ተጋብተው ያዩኛል፤ መቼ ነው ያነሣሁት እያሉ ነው። ብድግ አልኩ፤ እግሬ አይደለም ያስነሣኝ።

«አይማሉ ጋሼ! አላነሡትም። እኔ ነኝ የዋሸሁት። እንዲያነሡ አልጠየቅኳቸውም፣ ጆንያውንም አላነጠፍኩም።»

ጋሽ ይልማ እጃቸውን ቀስ አድርገው አወረዱና ተቀመጡ። ወደ እኔ አላዩም። በዚያ ሲቆጡ በሚቀንሰው ድምፃቸው «ሱቁ በእኔ እጅ ነው። የሚፈረደው በሁለታችን ላይ ይሁን» አሉ።

ኦቦ ጉደታ ከመደባቸው «ለምን አልጠየቅከኝም?» አሉኝ።

«አፈርኩ። ሱቁም ሊዘጋብን ነበር።»

«እኔም ባልጠየቅከኝ ብዬ ነበር» አሉ። «ብትጠይቀኝ ተቆጥቼ እሄድ ነበር። ቢሆንም መጠየቅ ነበረብህ።»

አማታቸው ኦቦ ቶሎሳ «ዋቀዮ!» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይኼ ሰው የተሰበረው ለእኔ ሰላምታ ሲል ነው። አልፎኝ ቢሄድ ኖሮ እግሩ ደህና ነበር፣ እኔም እስክሞት ተቀይሜው እኖር ነበር።» ከዚያ ከሌሎቹ ጋር በኦሮምኛ ተመካከሩና ፍርዱን ነገሩን። ጎሹ ወደ ሱቁ፣ ገንዘቡ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። ወጌሻው ደግሞ እግሩን በየቅዳሜው ጉደር ላይ ማየት ይፈልጋል። በቅሎ እግሩን ያንገላታዋል፤ ስለዚህ እስኪድኑ ድረስ በሱቁ ትንሽ ሞተር አመላላሻቸው እኔ ነኝ። ካልዳኑ ግን እንደገና እንቀመጣለን አሉ። «ገለቶማ» ብዬ አመስግኜ ጉልበታቸውን ሳምኩ።

ሱቅ ስንደርስ ጋሽ ይልማ በሩን ከፍተው «ለሰውየው ነው የዋሸኸው ወይስ ለእኔ?» አሉኝ።

«ለእርስዎ።»

«እሱ ነው ያመመኝ» አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ። ለሦስት ሳምንት በስሜ አልጠሩኝም። በአራተኛው አንድ የታመመ ሞተር ላይ ጎንበስ ብለው ካቻቪቴውን ወደ እኔ ዘረጉ። «አበራ፣ እስቲ አንተ ስማው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ነው በደንብ መስማት የጀመርኩት።

ኦቦ ጉደታ አርባ ቀን ተኝተው እንደተነሡ ቅዳሜዎቹ ጀመሩ። ኦቦ ጉደታን ከኋላዬ አስቀምጬ፣ የታሰረ እግራቸውን በብርድ ልብስ ጠቅልዬ፣ በቀስታ እነዳለሁ። መቶ ሜትር ሳንሄድ ትከሻዬን መታ ያደርጉኛል።

«ቁም። ኦቦ ዲንሳ ናቸው። እኔ መውረድ አልችልም፣ ውረድና በእኔ ፈንታ ሰላም በል።»

ወረድኩ፣ ጎንበስ አልኩ፣ ተመልሼ አስነሣሁ። ትንሽ ሄደን እንደገና መታ። «ቁም። የዚህች ሴትዮ ልጅ ታሞ ነበር፣ ዳነ ወይ በላት። በደንብ ጠይቃት እንጂ! እንደ ፖሊስ ነው እንዴ የምትጠይቀው?» በመጀመሪያው ቅዳሜ ጉደር እስክንደርስ አሥራ አንድ ጊዜ ወረድኩ። ጉልበቴን ያኔ ነው የጨረስኩት ብዬ እቀልዳለሁ። እኔ እኮ አምቦ ስኖር አራተኛ ዓመቴ ነበር፤ በሞተር ስበር ስለኖርኩ በዚያ መንገድ ላይ የማውቀው ሰው አልነበረም። ለካ ሰዎቹ «ያ ሰላም የማይለው» እያሉ ነው የሚጠሩኝ! ኦቦ ጉደታ ይህንን ሲነግሩኝ እየሳቁ ጀርባዬን ይደበድቡኛል።

በየቦታው ስወርድ ስወጣ የጎሹ ነገር ሁሉ ተገለጠልኝ። ትንሿን ሞተር በአንድ እጅ ይዤ በሌላው ሰላም እላለሁ። ጎሹ ግን መቆሚያው ላይ ለማውጣት እንኳ ሁለት እጅ ይፈልጋል፤ ለሰው የሚተርፍ እጅ የለውም። ሲቆም ይከብዳል፣ ለማስነሣት ሰባት ጊዜ መርገጥ ነው። አሥራ አንድ ጊዜ የሚቆም ሰው ምን ሊያደርገው ይገዛዋል? ዋጋው ነው፣ መንገዱ ነው እያልን ስንጨቃጨቅ የከረምነው በከንቱ ነው። የቡና ነጋዴውም፣ ሁሉም፣ ሳይነግሩን ያውቁት ነበር።

ለጋሽ ይልማ ነገርኳቸው። ቁጭ ብለን ለሥራ አስኪያጁ ደብዳቤ ጻፍን፣ እኔ እየተናገርኩ እሳቸው በዚያ በተስተካከለ የጦር ሠራዊት ጽሕፈታቸው። የእኔን ውሸትና የሰውየውን ስብራትም ሳንደብቅ አስገባነው። «ብባረርስ?» አልኳቸው። «ተባርረህ ተኛ» አሉኝ። እውነትም ያን ዕለት ከወራት በኋላ ጠግቤ ተኛሁ።

መልሱ ሲመጣ ፖስታውን የከፈቱት ጋሽ ይልማ ናቸው። ሁለት መስመር ነው። ትልቁን በሚመጣው መኪና መልሱ፤ በእግር ጣት የሚወርድ መቆሚያ ያላቸው ሦስት ትንንሾች ተልከዋል። ስለ መዝጋት ምንም አይልም! ጎሹን መኪናው ላይ ስንጭነው ፎቶ አንሺው ብቻ አዘነ። እኔ መኪናው ከዓይኔ እስኪጠፋ ቆሜ አየሁት።

እግሩ ግን ገና ነበር። ሱቁ ቢተርፍ ምን ይጠቅመኛል፣ ሰውየው አካለ ስንኩል ከሆኑ። ቀርከሃው ተፈታ፣ ኦቦ ጉደታ በምርኩዝ ጀመሩ፣ ግን ያነክሳሉ። ወጌሻውን በየቅዳሜው እጠይቀዋለሁ። እሱም በቅቤ እያሸ፣ ቀና ሳይል «እናያለን» ይለኛል። ሌላ ቃል አልፈጠረበትም መሰለኝ። ክረምቱ ወጣ፣ መስከረም ጠባ፣ እሱ «እናያለን» ላይ ነው።

አንድ ቅዳሜ ከጉደር ተመልሰን በራቸው ላይ አቆምኩ። እንደ ልማዴ ምርኩዛቸውን ከሞተሩ ጎን ፈትቼ ላቀብላቸው ጎንበስ ስል ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ ከጓሮ ጮኹ፤ በሬው አጥሩን ጥሶ ማሳው ውስጥ ገብቷል።

ኦቦ ጉደታ «ያ ከይሲ!» ብለው ከሞተሩ ወረዱ። በሩን በርግደው ገቡ፣ ነጠላቸው ከኋላቸው እየተጎተተ፣ ድንጋይ አንሥተው እየወረወሩ፣ እየተሳደቡ፣ በማሳው ዳር ቁልቁል ሄዱ። በሁለት እግራቸው።

ምርኩዙ እጄ ላይ ቀርቷል። ልጠራቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ሞተሩን አጥፍቼ መንገዱ ዳር ተቀመጥኩ፤ አላፊ አግዳሚው እያየኝ ምርኩዙን አቅፌ አለቀስኩ።